የራስ ቁር ውስጥ የቀረችው «ኝ»

ጋሽ ግፋ መኪና መንዳት የሚያስተምረው በአንድ ቃል ነው። ተማሪው ማርሽ አልገባ ቢለው «ግፋ!» ይላል። አደባባይ መሃል ሞተር ቢጠፋበት «ግፋ!» ይላል። ፈተና ወድቆ አፍንጫው ቀልቶ ቢመጣም የሚያጽናናው በዚያችው ቃል ነው። ለሴትም ለወንድም ያው «ግፋ» ነው። «ሴት ነኝ እኮ ጋሼ፣ "ግፊ" በለኝ እንጂ» ያለችው አንዲት ነርስ ነበረች። «ከተቀበልኩት ላይ አንዲት ፊደል አልነካም» ብሎ መለሰላት። እሷም መኪናዋን ግድግዳ ፊት ለፊት አቁማ ሳለ ቃሉን እንዳለ ተቀብላ ነዳጁን ገፋች። ግድግዳው ምንም አልሆነም፤ የማሰልጠኛዋ መኪና ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን እንዳኮሳተረች ናት።

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሚስቱም ብትሆን በዚያ ስም የምትጠራው ስትቆጣ ነው።

ቃሉ የራሱ አይደለም፤ የሽው ነው። ሽው የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። ስሙ የወጣለት፣ ሰው ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆሞ ጠብቆት ጠብቆት የሚደርሰው ያው ብቻ ስለነበር ነው፤ ሽው ይላል፣ ከዚያ እልም ይላል። ሰዉ ግን በዚያች በሽው ብቻ ጠግቦ ቤቱ ይገባ ነበር። ከሞተ በኋላም ከተማው እሱን መተው አቃተው። ፀጉር አስተካካዩ «ሽው» የሚባል ቁርጥ አለው፤ ወደ ኋላ የተጋደመ፣ ንፋስ የመታው የሚመስል፣ ከመላጣ በቀር ማንም የማይከለከለው። የታክሲ ነጂዎች የኋላ መስታወታቸው ላይ «ግፋ!» ብለው በቀይ ጽፈዋል። ቸኩሎ የሚበላ ልጅም እናቱ «ቀስ በል፣ ሽው ነህ እንዴ?» ትለዋለች።

አሟሟቱ ግን ለወሬ አይመችም። ሽው በውድድር ላይ አልሞተም። አርጅቶ፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ በጉንፋን ነው የሞተው። አድናቂዎቹ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም።

ጋሽ ግፋ ቃሉን የተቀበለበትን ቀን ለእያንዳንዱ ተማሪ ይተርካል። የሚተርከው ቀይ መብራት ላይ ነው። ታሪኩ ከመብራቱ ስለሚረዝም ከኋላ ያሉት ክላክሳቸውን ያንባርቁበታል።

«ጢሜ ገና ብቅ ብቅ ሲል ነው። የታላቁ ውድድር ቀን፣ ተመልካቹ እንዳያልፍ ገመድ ያዥ ሆኜ ቆሜያለሁ። ሽው ከፊት ነው፣ ከሁሉም ፊት። ባንዲራው ወረደ። ሌሎቹ ሁሉ እየጮሁ ሄዱ። ሽው ግን ቆመ! ለምን ቆመ?»

«አንተን ሊያይህ» ይላል ተማሪው፤ የከተማው ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋልና።

«እኔን ሊያየኝ! ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኔ ውስጥ ያለውን ፍርሃት አየ። እጁን አውጥቶ ወደ እኔ ጠቆመና "ግፋ!" አለኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ። እኔ ምን ልበል? እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ አለቀስኩ። አንዲት ቀይ ጫማ ያደረገች አድናቂማ ስሜቷን መቆጣጠር ቢያቅታት ገመዱን ዘላ መኪናውን ከኋላ አቀፈችው! እንዲህ ነበር የሚወደደው። ከዚያ የሁሉ መጨረሻ ሆኖ ተነሳ፣ አንድ በአንድ ለቅሞ ቀደማቸው፣ አንደኛ ገባ። በል አሁን አረንጓዴ ሆኗል፣ ግፋ!»

ያች ቃል ሰው አድርጋዋለች። ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰር ዓይናፋር ነበር። በእሷ ብርታት የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ደጋግሞ ወድቆ ደጋግሞ ተፈተነ፤ በእሷ ብርታት ልብስ ሰፊዋን ላግባሽ ብሎ ጠየቀ፤ በእሷ ብርታት ማሰልጠኛውን ከፈተ። አንድ ነገር ብቻ ቀረችበት። የሽው ቤት ተማሪዎቹ በሚለማመዱበት መንገድ ላይ ነው፤ ሰማያዊ የብረት በር ያለው። ጋሽ ግፋ «ቀስ በል» የሚለው እዚያ በር ላይ ብቻ ነው። ሽው በሕይወት ሳለ ስንት ቀን ፀጉሩን አበጥሮ፣ ከመኪና ወርዶ፣ በሩ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ምን ብሎ ይገባል? እኔ ያ ልጅ ነኝ ይበል? «ነገ» ይልና ይመለሳል። ሽው ሲሞት ነገም አብሮት ሄደ።

ሽው በሞተ በአሥረኛው ዓመት የአድናቂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር የሆነው ፀጉር አስተካካይ ትልቅ ዝግጅት አሰበ። የሽው መኪና ከተኛችበት ጋራዥ ትወጣለች፤ የሽው ባለቤት እትዬ ራሳቸው ይነዷታል፤ ጋሽ ግፋም ንግግር ያደርጋል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በር የሚያህሉ ቀይ ፊደሎች ቆርጣ ነጭ ጨርቅ ላይ «ግፋ!» ብላ ሰፋች።

«ጨርቁን ወስደህ ለእትዬ አሳያቸው» አለው ፀጉር አስተካካዩ በዋዜማው። «ቃሉን የተቀበልከው አንተ ነህ። ሌላ ማን ይሄዳል?»

እናም ጋሽ ግፋ በስተርጅና፣ ሌላ ሰው ልኮት፣ ሰማያዊው በር ፊት ቆመ። አንኳኳ። አሁንም አንኳኳ። ልቡ ደረቱን የምታንኳኳው ከበሩ በላይ ነበር።

«ግፋው! ክፍት ነው!» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

ቃሏን ከዚያ ግቢ ሲሰማት ክው አለ። ገፋው። እውነትም ክፍት ነበር።

እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጋራዡ ውስጥ ካንዴላ ይጠርጋሉ። ትንሽዬ፣ ፈጣን አሮጊት ናቸው። መኪናዋ ክፍት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ ነገር ናት። «ሞተሪኖዋ፣ ማስነሻዋ፣ አሁንም ያው ነው» አሉት፣ እንግዳ ይሁን ዘመድ ሳይጠይቁ። «ቁልፍ ቢያዞሩላት ካልፈለገች አትነሳም። እንደ ጌታዋ ጠዋት መነሳት አትወድም።»

ጋሽ ግፋ ጨርቁን ዘረጋ። እትዬ እጃቸውን ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉ።

«"ግፋ"? ምኑ ነው የሚገፋው?»

«ቃሉ ነዋ እትዬ! በታላቁ ውድድር ቀን ለአንድ ወጣት የሰጡት... ማለቴ የሰጠው ቃል። "በርታ፣ ወደፊት ሂድ" ለማለት።»

እትዬ ጨርቁን አዩ፣ እሱን አዩ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና ሳቁ።

«"ግፋ" አይደለም ልጄ። "ግፋኝ" ነው ያለው።»

«"ግፋ"...?»

«"ኝ"! ሞተሪኖዋ እንቢ ብላው ቆሞ ቀረ እኮ! ያ የራስ ቁር አፉን ሁሉ ስለሚሸፍነው "ኝ"ዋ እዚያው ውስጥ ቀርታ ይሆናላ። የዚያን ጊዜ የውድድር ሕግ እንደ መንገዱ ገና ያልተሠራ ነበር፤ በግፊ ተነሳህ ብሎ የሚከስህ የለም። አንድ ቀውላላ ጎረምሳ አጠገቡ ገመድ ይዞ ተገትሯል። "ግፋኝ" ይለዋል፤ ልጁ እጁን ሰቅሎ ያለቅሳል! "ግፋኝ እንጂ" ይለዋል፤ ይባስ ብሎ ይንሰቀሰቃል! ምን ላድርግ፤ እኔው ገመዱን ዘልዬ ገፋሁት። በአዲሱ ቀይ ጫማዬ! ተረከዙ እዚያው አስፋልት ላይ ተነቅሎ ቀረ። ያን ፈዛዛ አንድ ቀን ባገኘው ጆሮውን ነው የምጠመዝዘው።»

የጋሽ ግፋ እጅ ሳያዘው ወደ ጆሮው ሄደ።

«እሱማ ስለዚያ ልጅ ሌላ ነገር ነበር የሚለው» አሉ እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ። «ቁጭ በል፣ ልንገርህ።»

«ተማሪ... ተማሪ ይጠብቀኛል» አለና ጨርቁን ጠቅልሎ ሸሸ። በሩን ቢገፋው ቢገፋው አልከፈትልህ አለው።

«ከውስጥ ሲሆን ሳበው!» አሉ እትዬ ከጋራዥ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልብስ መስፊያዋ ላይ ነበረች። ሁሉንም ነገራት። መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች፤ አድናቂዋ ሴትዮ ጋ ሲደርስማ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ነው ያቆመችው።

«ዕድሜዬን የኖርኩት በሰው መኪና ብልሽት ነው» አላት።

«እኔንም የጠየቅኸኝ በዚያው ነው?»

«አንቺንም።»

«ሞተሪኖው ደህና ቢሆን ኖሮ እኔ ቆሜ ልቀር ነበራ! እግዜር ይስጠው ለሞተሪኖው።» ከዚያ ጨርቁን ወስዳ አገላበጠችው። «"ኝ" መጨመር ምን ችግር አለው? ቦታም አለ። ንገረኝ እንጂ አሁኑኑ እሰፋልሃለሁ።»

«አትንኪው!» አለ። «መሳቂያ ላደርገው ነው እንዴ ራሴን?»

ፀጉር አስተካካዩም የባሰ ነበር። ነገሩን ሲሰማ መቀሱን ከአንድ ደንበኛ ጆሮ በላይ ሰቅሎ ደርቆ ቀረ። «ለማንም እንዳትናገር» አለ ቀስ ብሎ። «ያንን ቃል ይዞ ስንቱ ከሕመም አልጋ ተነስቷል! ስንቱ ፈተና አልፏል! ለአንዲት ፊደል ብለህ ከተማ ታፈርሳለህ?» ደንበኛው «ምኑ ነው?» ቢል «አንተ ዝም በል፣ ጆሮህን እቆርጥሃለሁ» አለው። የዚያን ቀን ጆሮ ሁሉ አደጋ ላይ ነበር።

ጋሽ ግፋን ያስጨነቀው ሳቅ ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር። ቢናገር ስሙ ይሄዳል፤ ጋሽ ግፋ የሚባል ሰው ከዚያ ወዲያ የለም። ዝም ቢል ደግሞ ተረከዟ የተነቀለው ሴት ፊት ቆሞ ስለዚያው ቀን ሊዋሽ ነው። እስከ ትናንት ሲተርክ የዋህ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ግን ውሸታም ሊሆን ነው። ልዩነቷ አንዲት ቀን ናት። ያም ሆኖ ፈሪ ፈሪ ነውና ዝም ልበል አለ።

በበዓሉ ቀን መንገዱ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ግማሹ ወንድ «ሽው» ተቆርጧል። ታክሲዎቹ በሰልፍ ቆመዋል። የጭነት መኪና መድረክ ሆኖ ጨርቁ ከጀርባው ተሰቅሏል። ቀይዋ መኪና ከመድረኩ ሥር ቆማለች፤ እትዬ መሪውን ጨብጠው ተቀምጠዋል። ለበዓሉ ድምቀት ይሁን ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ለምኗቸው የሽውን የራስ ቁር አጥልቀዋል። እሱም ባንዲራውን ይዞ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሟል።

ጋሽ ግፋ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ።

«ሽው ከፊት ነበር» አለ። «ባንዲራው ወረደ። ሌሎቹ ሁሉ ሄዱ። ሽው ግን ቆመ። ለምን ቆመ?»

«አንተን ሊያይህ!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

ጋሽ ግፋ አፉን ከፈተ። ከሥሩ፣ ከዚያ የራስ ቁር ውስጥ፣ ሁለት ዓይኖች እያዩት ነው። አፉን ዘጋ። እንደገና ከፈተ። ምንም የለም፤ የጥንቱ ዓይናፋርነቱ ተመልሶ ምላሱ ላይ ተቀምጧል። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ እንዳልሆነለት ገባውና ንግግሩ ያለቀ አስመስሎ ባንዲራውን አወረደ። ጭብጨባው ቀለጠ።

እትዬ ቁልፉን አዞሩ። ቅጭ። እንደገና አዞሩ። ቅጭ። መኪናዋ ጠዋት መነሳት አትወድም።

እትዬ እጃቸውን አውጥተው አጠገባቸው ወደቆመው ፀጉር አስተካካይ ጠቆሙ። ከራስ ቁሩ ውስጥ ያለ የሌለ ድምፃቸውን አውጥተው ጮሁ። ለሕዝቡ የተሰማው ግን ይህ ብቻ ነው፦

«ግፋ!»

መንገዱ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ሴት ወንዱ ያለቅሳል። ከሁሉ በላይ የሚያለቅሰው፣ ነገሩን ትናንት የሰማው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ባንዲራውን ፊቱ ላይ አድርጎ ይንሰቀሰቃል። እትዬ ደግመው ጮሁ፤ ሰዉም ደግሞ ብሶበት አለቀሰ። ማንም ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ግፋ ከላይ ሆኖ ያንን ሁሉ የተሰቀለ እጅ አየ። ያንን የራሱን የጎረምሳነት ፊት፣ በሺህ ተባዝቶ አየው። ከመድረኩ ዘለለ። ሱሪው አንድ ቦታ ላይ ተተረተረ፤ ግድ አልሰጠውም። እጁን መኪናዋ ጀርባ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋ። ንቅንቅ አላለችም።

«የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁት እትዬ!» ብሎ ጮኸ፤ በዚህ ሁሉ መሃል አስተማሪነቱ አልለቀቀውም። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ምን ትቆማላችሁ? "ግፋኝ" ነው የሚሉት! ያኔም "ግፋኝ" ነው የተባልኩት! "ኝ"ዋን አልሰማኋትም! ሞተሪኖው እንቢ ብሎት ነው የቆመው፤ እኔን ሊያይ አይደለም! እኔ ነኝ ተገትሬ ያለቀስኩት! የገፉት እሳቸው ናቸው!»

ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ስትስቅ ተሰማች፤ ሚስቱ ናት። እየሳቀች መጥታ ትከሻዋን ከትከሻው አጠገብ አድርጋ ገፋች። ነርሷ ተከተለች። ፀጉር አስተካካዩ አፍንጫውን በባንዲራው ጠርጎ ገባበት። ከዚያ ማን ይቅር? የማይደርስበት ሰው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ይገፋል። ቀይዋ መኪና ተንከባለለች፣ አንድ ሁለቴ አሳላት፣ ጥቁር ጭስ ጋሽ ግፋ ፊት ላይ ለቀቀችና ተነሳች። ሽው አለች። እልም አለች።

ጋሽ ግፋ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ ቀረ። ሳቁን ጠበቀው። መጣም። ግን እሱ የፈራው ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ ላብ ያራሰው፣ አብሮ የገፋ ሰው ሳቅ ነበር። አንድ የታክሲ ነጂ መጥቶ አነሳውና «አይዞህ ጋሽ ግፋኝ!» አለው። ያ ስም በዚያው ተለጠፈ። ሚስቱም ለካ ማታውን ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው የመጣችውን ቀይ «ኝ» አውጥታ ጨርቁ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው።

እትዬ መንገዱን ዞረው ተመለሱ። ሞተሩ እንዳይጠፋ በአንድ እግራቸው ነዳጅ እየሰጡ የራስ ቁራቸውን አወለቁ።

«ና ወደዚህ» አሉት። ጎንበስ አለላቸው። ጆሮውን ይዘው እስኪቀላ ጠመዘዙት። «ለጫማዬ ነው» አሉ። ከዚያ ለቀቁትና ጥላሸቱን በመዳፋቸው ከግንባሩ ጠረጉለት።

«እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልግህ ነበር።»

«ሊቆጣኝ?»

«ሊያመሰግንህ እንጂ! "አንደኛ ተነስቼ አንደኛ ብገባ ማን ያስታውሰኝ ነበር?" ይል ነበር። "ያ ልጅ ባይፈዝ ኖሮ እኔ የለሁም" እያለ። ደግሞ በየቀኑ በራችን ጋ ስትደርስ ቀስ የምትል ፊቷ የተኮሳተረ መኪና ነበረች። እሷን ሲሰማ "ሊገባ የፈለገ ሰው አለ" ይለኛል፤ በሩን አንድ ቀንም አያስቆልፈኝም ነበር። ያቺስ የማን ነበረች?»

ጋሽ ግፋ ጣቱን ወደ ደረቱ ቀሰረ። ጥላሸቱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ወረደ።

«አይ ልጄ» አሉ እትዬ። «ገፋ ብታደርገው እኮ ይከፈት ነበር።»

ከዚያ «በል፣ ነገ መጥተህ ሻይ ትጠጣለህ፤ የእሱን ወሬ ሁሉ አጫውትሃለሁ» አሉት።

«ነገ አልልም እትዬ» አለ። «ዛሬ ነው የምመጣው።»

በዚህ መሃል የነዳጁ እግር ተረስቶ ኖሮ ሞተሩ ጠፋ። እትዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጋሽ ግፋ ቀድሞ ከኋላ ቆሞ ነበር። ሰማያዊው በር ድረስ ገፋቸው፤ በሩንም።